ከባሕሩ ሳፋ ወደ ጥምቀቱ ሳፋ

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል መምህርት ነኝ። 11 ልጆች አሉኝ፤ ኦቲዝም ያለባቸው፣ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትመጣ አንዲት ልጅም አለች። የመዳሰሻ ሳፋ የምለው ነገር ቀላል ነው። ሰፊ ሳፋ ውስጥ የሚነካ፣ የሚሸት፣ የሚቀዳ ነገር ይሞላል፤ በአንድ ርዕስ ዙሪያ የተመረጡ ዕቃዎች ይቀበሩበታል፤ ልጆቹ በእጃቸው እየፈለጉ ቃል ይማራሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ።

የመጀመሪያዬ ርዕስ «ባሕር» ነበር። ሐሳቡን ያገኘሁት ከኢንተርኔት ሥዕል ነው። የፎገራ ሩዝ ገዝቼ በምግብ ቀለም ሰማያዊ አደረግኩት፤ የፕላስቲክ ዓሣና ኮከብ መሰል የባሕር እንስሳ ጨመርኩበት። አንዱ ልጅ እጁን ከትቶ ሲያወጣ ጣቶቹ ሰማያዊ ሆኑ፤ በዩኒፎርሙ ላይ እየጠረገ ቀኑን ሙሉ አለቀሰ። ሌሎቹ ዝም ብለው አዩኝ። እውነት ለመናገር ምን ይበሉኝ? የሚያውቁት ዓሣ ከጎርጎራ መጥቶ ድስት ውስጥ የገባውን ነው።

ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ሩዝ ስጠርግ በር ላይ የተቀመጡ አንዲት አያት ጠሩኝ። የልጅ ልጃቸውን በየቀኑ ይዘው የሚመጡ ናቸው። «ልጄ፣ እህል እኮ ነው። እህል አይረገጥም፤ አይጫወቱበትም።» «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለትምህርት ነው» አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። በማግስቱ ግን በሰፌድ ላይ የተደባለቀ ሽምብራና ባቄላ ይዘው መጡ። «ይልቀሙልኝ» አሉ።

ልጆቹ ለቀሙ። በሁለት ጣት ማንሳት፣ ትልቁን ከትንሹ መለየት፣ አንድ ሥራ ላይ መቆየት፣ በሩዙ ሳፋ ለማስተማር የደከምኩበት ሁሉ እዚያ ሰፌድ ላይ ነበር። ልዩነቱ ቤታቸው ውስጥ እናታቸው ስትሠራው ያዩት መሆኑ ነው። ሲጨርሱ ለቅሞ የሚሰጡት ሰው ነበራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ርዕስ ስመርጥ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ልጅ ይህን ነገር ከትምህርት ቤት ውጭ የት ያገኘዋል?

ቀጣዩ «ቅዳሜ ገበያ» ሆነ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ተልባ፣ ጣሳ፣ ወንፊት፣ የወረቀት ብር። አንዱ ሰፋሪ፣ አንዱ ገዢ ነው። «ጨምር»፣ «ስጠኝ»፣ «በቃ» የሚሉት ቃላት እዚያ ሥራ አላቸው። ሲሰለቸው ይናከስ የነበረ ልጅ «በቃ» ማለትን የተማረው ጣሳው ሞልቶ ሲፈስ ነው። ጤፉን ለብቻው በጠባብና ጥልቅ ባልዲ ያደረግኩት ደግሞ እረፍት ለሌለው አንድ ልጅ ነው፤ ክንዱን እስከ ክርኑ ይቀብረዋል፣ ቅዝቃዜውና ክብደቱ ያረጋጋዋል። እጅ ደርቆ ካልገባ ግን ጤፍ ተጣብቆ ያስቆጣል፤ ስለዚህ ፎጣ መቅደም አለበት። ያገለገለው እህል አይጣልም፤ ለጥበቃው ዶሮዎች ይሰጣል።

ስህተቶቼን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ሌላ መምህር እንዳይደግማቸው እፈልጋለሁ። አንዱ ልጅ ሽምብራ አፍንጫው ውስጥ ከተተ፤ እኔ ሳላውቅ ቆይቶ እርጥበት አግኝቶ አበጠ፣ ጤና ጣቢያ ሄደን ወጣለት። ያን ቀን የነበረብኝን ጭንቀት አልረሳውም። አሁን ነገር ወደ አፍና አፍንጫ የሚወስዱ ልጆች ሳፋ ውስጥ ከ4 ሴንቲሜትር የሚያንስ ነገር አይገባም፤ በአንድ ሳፋ ከአራት ልጅ በላይ አላስቀምጥም፣ ዓይኔንም አላነሳም። ሌላ ጊዜ አንዲት እናት ልጆቹን ለማስደሰት ዥጉርጉር የሆነ የሚያምር የጉሎ ፍሬ አመጡልኝ። ምጣድ የምናሰስበት ስለሆነ የለመድነው ነው፤ ነገር ግን ፍሬው ሲታኘክ ብርቱ መርዝ ነው። አመስግኜ መለስኩት። ጥሬ ቀይ ቦሎቄም እንዲሁ ክፍሌ አይገባም። እህሉን ክረምቱን ሙሉ በተከደነ ባልዲ ትቼው ነቀዝ ጨረሰው፤ አሁን ትምህርት ሲዘጋ ባዶ አደርገዋለሁ።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የአንዲት ልጅ እጅ ነው። እርጥብ አሸዋ ስትፈራ አይቼ፣ «ትለምደዋለች» ብዬ እጇን ይዤ ከተትኩት። ሦስት ሳምንት ወደ ሳፋው አልቀረበችም። መጀመሪያ ረጅም ጭልፋ ሰጠኋት፣ ከዚያ ማንኪያ፣ ከዚያ በራሷ ፈቃድ አንድ ጣት። ዛሬም ከሁለት ጣት በላይ አትነካም፤ ይበቃታል። በወንበር ለምትመጣው ልጅ ሳፋውን ጉልበቷ በሚገባበት ጠረጴዛ ላይ አነሳሁላት፤ ወለል ላይ አድርጌ ከርቀት ያሳየኋት ወራት ያሳፍሩኛል።

የቡናውንና የአደይ አበባውን ሳፋ ልዝለላቸውና ወደ ጥምቀት ልሂድ።

ጩኸትና ርጭት የማይችል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። በእሱ ምክንያት እናቱ ለዓመታት ጥር 11 ቀን ከቤት አልወጣችም። ጎንደር ተወልዶ ጥምቀትን አለማየት ለአንዲት እናት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያደገ ያውቀዋል። ከበዓሉ ሦስት ሳምንት አስቀድመን በትልቅ ሳፋ የፋሲለደስን ጥምቀተ ባሕር ሠራን፤ ዙሪያውን ጠጠር ደረደርን፣ መሃሉ ላይ ትንሽ የእንጨት ቤት አቆምን። እውነተኛው ገንዳ ውሃውን ከቀሃ ወንዝ እንደሚያገኝ፣ እኛም በቁራጭ ቱቦ ከባልዲ «ቀሃን» ለቀቅን፤ ሎሚም ጨመርንበት። ታቦት የሚመስል ነገር አላስገባንም፤ አይገባምም። ሙስሊም ለሆኑት ሁለት ልጆች ቤተሰቦች አስቀድሜ አስረዳሁ፤ ውሃውንና ሎሚውን በደስታ ፈቀዱ። ሎሚው ለጣት ጉልበት ጥሩ ነው፤ ይጨመቃል፣ ይሸታል፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የከበሮ ድምፅ በመጀመሪያው ሳምንት ከግቢው ወዲያ፣ ቀጥሎ ከበሩ ውጭ፣ በመጨረሻ ክፍል ውስጥ በዝግታ ተመታ። በቀጤማ ውሃ ስረጭ ሁልጊዜ «ልርጭ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ልጁ «በቃ» ካለ አቆማለሁ፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ከበዓሉ በኋላ እናቱ መጥታ ነገረችኝ። ከሕዝቡ ራቅ ብለው ከዛፎቹ ሥር ቆመው ነበር፤ ልጁ ጆሮዎቹን በእጆቹ ይዟል። ውሃው ሲረጭ አንዱን እጁን ከጆሮው አነሳና መዳፉን ዘረጋ። ጥቂት ጠብታ አረፈበት፣ አየው፣ «በቃ» አለ። እሷም ቃሉን አክብራ ይዛው ወደ ቤት ሄደች፤ ሌላው ሰው ገና እየተረጨ ነበር።