ፍሎረንስ፦ ጠዋት ለዓይን፣ ከሰዓት ለሆድ

ፍሎረንስ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ረጅም ዝርዝር ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ ገና ሳልነሳ ግማሹን ሰረዝኩት። የከተማዋ መሀል በእግር ከዳር እስከ ዳር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ግን እዚያች ቦታ ላይ የታጨቀው ሥዕልና ሐውልት ሌላ ቦታ ለአንድ አገር ይበቃል። ሁሉንም ካላየሁ ካላችሁ እግራችሁ ያብጣል እንጂ ዓይናችሁ ምንም አይዝም። ስለዚህ ሕጌ ቀላል ነበር። ጠዋት አንድ ሙዚየም፣ ከሰዓት መብላትና ዝም ብሎ መንከራተት።

ያደርኩት ቦሎኛ አክስቴ ጋ ነው። እሷ አዛውንት እየተንከባከበች ጣሊያን ብዙ ዓመት ኖራለች፣ ቋንቋውንም ገበያውንም ታውቀዋለች። ከቦሎኛ ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ዘመድ ባይኖራችሁም ይሄን አስቡበት፣ ፍሎረንስ መሀል ከተማ አልጋ ውድ ነው። የባቡር ቲኬት ቀደም ብሎ የቆረጠ በርካሽ ያገኛል። ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ስሟ ፊሬንዜ ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ መውረጃው ደግሞ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ነው። በዘገምተኛው ባቡር፣ በወረቀት ቲኬት ከሆነ የምትሄዱት፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ማሽኑ ላይ አስመቱት፤ ያለዚያ ቅጣት አለ።

የሄድነው በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ ነው። ብርዱ አለ፣ ዝናቡም አለ፣ ግን በበጋ ሰዎች በፀሐይ የሚቆሙትን ሰልፍ አላየነውም። ሰኞን ተዉት። ታላቁ የሥዕል ሙዚየም ኡፊትሲም የዳዊት ሐውልት ያለበት አካዴሚያም ሰኞ ዝግ ናቸው። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች በነፃ ናቸው፣ ግን ከተማው በሙሉ ስለሚመጣ እኔ ከፍዬ ብገባ ይሻለኛል።

መጀመሪያ የገባሁት ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ቦታ ነው፣ ከካቴድራሉ ጀርባ ያለው ሙዜኦ ዴል ኦፔራ ዴል ዱኦሞ። ውጭ መጥመቂያው ቤት በር ላይ ሰው ተጋፍቶ ፎቶ የሚያነሳው በወርቅ የተለበጠው የነሐስ በር ቅጂ ነው። ቀራፂው ሎሬንዞ ጊቤርቲ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1425 እስከ 1452 የለፋበት ዋናው በር ያለው እዚህ ውስጥ ነው፣ ከመስታወት ጀርባ። በ1966 ኖቬምበር 4 የአርኖ ወንዝ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ ከ10ሩ ሰሌዳዎች የተወሰኑት ተገንጥለው ነበር፤ ጥገናው እስከ 2012 ፈጀ።

እኔ የሄድኩት ለአንዱ ሰሌዳ ነው፣ ከታች በስተቀኝ ላለው። ሰለሞንና ንግሥተ ሳባ ናቸው። ሌሎቹ ሰሌዳዎች ውስጥ ብዙ ታሪክ ተደራርቧል፣ ይሄኛው ግን አንድ ትዕይንት ብቻ ነው። ሁለቱ መሀል ላይ፣ ቤተ መቅደሱ ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተጨናንቋል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ፊት ያሉት ሰዎች ጭንቅላታቸው ከነሐሱ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር እየሳሳ ይመጣና የሩቁ ሕንፃ በጥፍር የተጫረ ያህል ብቻ ይቀራል። ንግሥቲቱ መልኳ የፍሎረንስ ሴት መልክ ነው፣ እሱን አልደብቃችሁም። ደስ ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ይሄ በር ገና ተሠርቶ ሳያልቅ፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም የተላኩ የኢትዮጵያ መነኮሳት አብያተ ክርስቲያናትን አንድ ለማድረግ ለተጠራው የፍሎረንስ ጉባኤ እዚሁ ከተማ መጥተው ነበር። የላካቸው በኢየሩሳሌም የነበረው የኢትዮጵያውያን ማኅበር አለቃ አባ ኒቆዲሞስ ነው። እኔ ቱሪስት ነኝ፣ እነሱ ግን እዚህ የመጡት ለሥራ ነው።

ኡፊትሲ የገባሁት በሌላ ቀን፣ ሰዓት ያለው ቲኬት አስቀድሜ በራሱ በሙዚየሙ ድረ ገጽ ገዝቼ ነው። መንገድ ላይ «ያለ ሰልፍ አስገባሻለሁ» የሚሏችሁን እለፏቸው፣ እጥፍ ያስከፍላሉ። ውስጥ ሁሉም ወደ ሠዓሊው ቦቲቼሊ ሥራዎች ይሮጣል። እሱም ይታይ፣ አልከለክልም፤ «ፕሪማቬራ» የሚባለው ሥዕሉ ላይ ከሰዎቹ እግር ሥር ያለውን የአበባ ዓይነት ብቻ መቁጠር ጊዜ ይፈጃል። ግን እናንተ ኮሪደሩ ላይ አንገታችሁን ቀና አድርጉ። ከጣሪያው ሥር በረድፍ የተሰቀሉ ከ400 በላይ የታላላቅ ሰዎች ሥዕሎች አሉ። የፍሎረንስ ገዢ የነበረው የሜዲቺው ቀዳማዊ ኮሲሞ በ1552 ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የሚባል ሠዓሊ ወደ ኮሞ ከተማ ልኮ የታሪክ ጸሐፊውን የፓኦሎ ጆቪዮን የሥዕል ስብስብ ያስቀዳው ነው። ከነዚያ ነገሥታትና ጳጳሳት መሀል አንዱ የእኛው አፄ ልብነ ድንግል ናቸው፣ መስቀል በእጃቸው ይዘው። እሳቸውን ለማግኘት አንገቴን ሰቅዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሄድ አንዲት ጠባቂ ግራ ገብቷት ተከተለችኝ። ሳሳያት «እኔም አላውቀውም ነበር» አለችኝና ስልኳን አውጥታ አነሳችው።

ዳዊትን አካዴሚያ ውስጥ አይቼዋለሁ። ትልቅ ነው፣ 5 ሜትር ከ17፣ ማይክል አንጄሎ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ከ1501 እስከ 1504 የቀረፀው። ግን ብዙ የቆምኩት ወደሱ በሚወስደው መተላለፊያ ላይ ነው። ሳይጨርሳቸው የቀሩት «እስረኞች» የሚባሉት ሐውልቶች እዚያ አሉ፣ ግማሽ አካላቸው ገና ድንጋይ ውስጥ ነው፣ የመሮው ጭረት ሳይቀር ይታያል። ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው የዳዊትን ቅጂ ፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ ላይ በነፃ ያያል፣ ከ1910 ጀምሮ እዚያ ቆሟል። እኔን ከጠየቃችሁኝ በተረፈው ገንዘብ ሳን ማርኮ ገዳም ግቡ። ደረጃውን ስትጨርሱ የመነኩሴው ሠዓሊ የፍራ አንጀሊኮ «ብሥራት» ፊት ለፊት ይቀበላችኋል፣ ከዚያ በየመነኮሳቱ ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ አንድ ሥዕል አለ። ገዳም ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፤ ሥዕሉ የተሣለው ለአንድ ጸላይ መነኩሴ እንጂ ለጎብኚ አልነበረም።

አብያተ ክርስቲያናት ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ነጠላ ቦርሳችሁ ውስጥ ካለ ችግር የለም። ብሩኔሌስኪ የሠራውን የካቴድራሉን ጉልላት ለመውጣት ደግሞ 463 ደረጃ አለ፣ ሊፍት የለም፣ ሰዓት ማስያዝም ግድ ነው። አክስቴ ከታች አይታው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ከዚህ ይታያል» ብላ ቡና ልትጠጣ ሄደች።

ምግቡን የመራችኝ እሷ ናት። «አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ ስታዪ ውለሽ በረሃብ ልትሞቺ ነው?» እያለች ሳን ሎሬንዞ ገበያ ይዛኝ ገባች። እዚያ ላምፕሬዶቶ የሚባል አለ፣ የከብት አራተኛው ጨጓራ ነው። በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በሰለሪ መረቅ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል። ሻጩ ከድስቱ በሹካ ያወጣዋል፣ እንፋሎቱ እየወጣ እንጨት ላይ ይከትፈዋል፣ ዳቦው መሀል ያደርገዋል፣ ከዚያ የዳቦውን ክዳን መረቁ ውስጥ ነከር አድርጎ ይገጥመዋል። አረንጓዴው የፓርስሊ ስልስ ይጨመራል፣ ሚጥሚጣ ለለመደ ደግሞ የሚያቃጥለው አለ፤ «ፒካንቴ» በሏቸው። አክስቴ እየበላች «ይሄ እኮ ሳይደቅ የቀረ ዱለት ነው» አለችኝ። ቱሪስቱ ፊቱን ሲያጨማድድ እኛ ቆመን ደገምን። ዋጋው ጥቂት ዩሮ ነው።

ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ፍሎረንስ ከምታስቡት በላይ ታመቻለች። ፍሎረንስ ያለችበት የቶስካና ክልል የድሃ ምግብ ዳቦ፣ አደንጓሬና ጎመን ነው። ሪቦሊታ የሚሉት የአደንጓሬና የጥቁር ጎመን ሾርባ ነው፣ የቆየ ዳቦ ገብቶበት ወፍሮ ይቀርባል፤ ፓፓ አል ፖሞዶሮ ደግሞ ዳቦና ቲማቲም ነው። ብቻ «ሴንዛ ካርኔ፣ ሴንዛ ፎርማጆ»፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ ብላችሁ አረጋግጡ፣ አንዳንዱ ቤት የሥጋ መረቅ ወይም አይብ ጣል ያደርግበታል። ዳቧቸው ጨው የለውም። ተረስቶ አይደለም፣ እንደዚያ ነው የሚጋገረው፤ ከጨዋማው ምግብ ጋር ስትበሉት ይገባችኋል።

ቡና ቆማችሁ ጠጡ፣ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ማኪያቶ ስታዙ የአዲስ አበባውን ብርጭቆ አትጠብቁ፣ በትንሽ ሲኒ ሁለት ጉንጭ ነው። ጄላቶ፣ የጣሊያኑ አይስክሬም፣ እንደ ተራራ ተቆልሎ ቀለሙ የሚያብረቀርቅበት ቤት አትግቡ። ፒስታቹ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ብዙ ምግብ ቤት ማታ የሚከፍተው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ተኩል ገደማ ነው። ሒሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፣ በሰው ልክ የሚከፈል የገበታ ዋጋ ነው።

የመጨረሻውን ማታ ለቢስቴካ አላ ፊዮሬንቲና ሰጠነው። አጥንቱ መሀል ያለ ወፍራም የከብት ሥጋ ነው፣ ፍም ላይ ከሁለቱም በኩል ጥቂት ደቂቃ ይለበለባል፣ ውስጡ ቀይ እንደሆነ ይቀርባል። ጎናችን የነበሩ ጎብኚዎች በደንብ ይብሰልልን ሲሉ አስተናጋጁ ጥሬ ሥጋ የቀመሰ ይመስል ፊቱ ተቀያየረ። እኔም ትንሽ ሳመነታ አክስቴ «ክትፎ ለብለብ ስትበዪ አላውቅሽምና ነው?» ብላ ዝም አሰኘችኝ። ሥጋው የሚሸጠው በክብደት ነው፣ ከአንድ ኪሎ በታች ብዙ ቤት አይሰጥም። ስለዚህ እሳት ላይ ሳይወጣ ክብደቱንም ዋጋውንም ጠይቁ፣ ለሁለትና ለሦስት ሆናችሁም ሂዱ። የእኛ ኪሎውን አልፎ ነበር። አጥንቱን አክስቴ አስጠቅልላ ቦሎኛ ይዛው ሄደች፣ በነጋታው ቅቅል ሆነ።