ሙቭስ ላይ ሁለት ወር ያስለፋኝ የፍጥነት ሠንጠረዥ

ሰላም ሰላም። ሐሙስ ማታ ያስኬድኩት የካውንቲ ረን፣ ማለትም የአንድ አውራጃ የመኪና ልቀት ስሌት፣ በመጨረሻ ከትራፊክ ሞዴላችን (በየመንገዱ ስንት መኪና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ከሚገምተው) ጋር ገጠመልኝ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ቤት ውስጥ ባወራው የሚገባው ሰው ስለሌለ ለእናንተ ልጽፈው ነው። ይሄን ስራ የምንሰራ ጥቂት ነን፣ ግን አንድ ሰው እንኳን እኔ ያቃጠልኩትን ጊዜ ቢያተርፍበት ይበቃኛል።

ለማታውቁት፣ ሙቭስ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኢፒኤ የሚያወጣው የተሽከርካሪ ልቀት ማስሊያ ነው፣ በፈረንጆቹ 2010 ላይ ሞባይል 6 የሚባለውን የድሮ ሞዴል ተክቶ ነው የመጣው። ካሊፎርኒያ ኢምፋክ የሚባል የራሷ ሞዴል አላት፣ ሌላው ስቴት በሙቭስ ነው የሚሰራው። አሁን ያለው ሙቭስ 5 ነው፣ በ2024 መጨረሻ የወጣው፣ እኛም ወደሱ እየተሻገርን ነው፣ እኔ ደግሞ ከዚህ በፊት የሌሎችን ውጤት ተቀብዬ ሪፖርት ከመጻፍ በስተቀር ሞዴሉን በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር።

መጀመሪያው ብዙም አያጽፍም። መጫኑ፣ ረንስፔኩን (ምን እንደሚሰላ የሚነገርበትን ፋይል) መሙላት፣ የአውራጃው መረጃ በሚገባበት የካውንቲ ዳታ ማኔጀር ውስጥ ሠንጠረዦቹን አንድ በአንድ ማስገባት፣ አየር ንብረት፣ ነዳጅ፣ የመኪና ብዛት፣ ዕድሜ፣ የተነዳ ማይል፣ ሁሉም ትዕግስት እንጂ ሌላ አይፈልግም። 13ቱን የተሽከርካሪ ዓይነቶችና የመንገድ ዓይነቶቹን ኮድ በቃላችሁ ያዙ፣ 21 የቤት መኪና፣ 62 ረጅም ርቀት የሚሄደው ተሳቢ፣ 5 የከተማው ተራ መንገድ፣ ምክንያቱም ዳታቤዙ ውስጥ የምታገኙት ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ለጀማሪ ደግሞ በኢንቬንቶሪ (ጠቅላላ ልቀቱን በሚያወጣው) ጀምሩ ነው የምለው፣ የሬት አሰራሩ (ለምሳሌ በማይል ስንት እንደሚለቅ የሚያወጣው) ኋላ ይደረስበታል።

ችግሬ የመጣው ውጤቱ ሲወጣ ነው። ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ከጠበቅነው በጣም ዝቅ አለ። አንድ የስራ ባልደረባዬ አዲሱ ቨርዥን ስለሆነ ነው፣ መኪኖቹም እየጸዱ ነው አለኝ፣ እኔም ለጥቂት ቀን ተቀበልኩት። ግን አልተዋጠልኝም። ነዳጁን ደጋግሜ አየሁት፣ የሙቀትና የእርጥበት ፋይሉን እንደገና አወረድኩት፣ የመኪና ምርመራ ፕሮግራሙን አውጥቼ መልሼ አስገባሁት፣ ምንም። ስህተት የሚል ነገር የለም፣ ሁሉም ሠንጠረዥ ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ፣ እኔም አረንጓዴ ከሆነማ ልክ ነው ብዬ ማመኔ ነው ያን ሁሉ ቀን ያስበላኝ።

ነገሩ ያለው የአማካይ ፍጥነት ሠንጠረዡ ውስጥ ነበር። ሙቭስ ፍጥነትን 16 ቢን፣ ማለትም 16 የፍጥነት ክልል ላይ ይከፍለዋል፣ ቢን 1 በሰዓት ከ2.5 ማይል በታች፣ ቢን 3 በ10 ማይል አካባቢ፣ ቢን 13 በ60 አካባቢ፣ ቢን 16 ከ72.5 በላይ። ለእያንዳንዱ የመኪና ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ የመንገድ ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት የ16ቱ ድምር 1 መምጣት አለበት። እኔ ከትራፊክ ሞዴላችን ሊንኮች (የመንገድ ቁራጮች) ላይ የተነዳውን ማይል በየፍጥነቱ ሰብስቤ ለጠቅላላው አካፍዬ አስገባሁት፣ ድምሩ 1 መጣ፣ ሞዴሉም ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ሠንጠረዡ የሚጠይቀው ግን የርቀት ድርሻ አይደለም፣ የጊዜ ድርሻ ነው!

ልዩነቱን በወረቀት ስሰራው ነው የገባኝ። አንድ መኪና 60 ማይል ርቀት በሰዓት 60 ማይል ፍጥነት ነዳ እንበል፣ 1 ሰዓት ፈጀ። ቀጥሎ ከተማ ገብቶ 10 ማይል ርቀት በሰዓት 10 ማይል እየተጎተተ ሄደ፣ ይሄም 1 ሰዓት። በጊዜ ግማሽ በግማሽ ነው፣ 0.5 እና 0.5። በርቀት ግን 0.86 እና 0.14 ይሆናል። አሁን እኔ 0.86 እና 0.14ን ጊዜ ነው ብዬ ሰጠሁት፣ ሞዴሉ አማካይ ፍጥነቱን 53 ገደማ አደረገው፣ እውነተኛው 70 ማይል በ2 ሰዓት ማለትም 35 ነው። ከዛ 70 ማይሉን ለ53 ሲያካፍለው 2 ሰዓት የነበረው መንዳት 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆነ፣ በዝግታ የተነዳው 60 ደቂቃ ደግሞ ወደ 11 ደቂቃ ወረደ። ያ የጠፋው ጊዜ መኪናው ቆም ሄድ እያለ በማይል ብዙ የሚያጨስበት ነው፣ ስለዚህ ልቀቱ ባይወርድ ነበር የሚገርመው።

ለምን በጊዜ እንደሆነ ሲገባችሁ ሠንጠረዡን መቼም አትሳሳቱትም። ሙቭስ ውስጥ የልቀት መጠኑ የተቀመጠው በግራም በሰዓት ነው፣ ለሚሄድ መኪና 23 የሞተር ሁኔታዎች አሉት፣ ፍሬን መያዝ፣ ሞተሩ እየሰራ መቆም፣ የቀሩት ደግሞ በፍጥነትና ሞተሩ በሚሸከመው ጉልበት የተከፋፈሉ፣ እና መኪናው በእያንዳንዱ ውስጥ ስንት ሰዓት ቆየ የሚለውን ነው የሚያባዛው። ማይሉ መጀመሪያ ወደ ሰዓት ይቀየራል፣ የሚቀይረው ደግሞ ይሄው የፍጥነት ሠንጠረዥ ነው። ይሄን ቀድሜ ባነበው ኖሮ እላለሁ። መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ እኔ ነኝ የኮለሙን ስም ብቻ አይቼ ያለፍኩት።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። አውትፑቱ ላይ ከልቀቱ ጋር ርቀትና የተነዳ ሰዓት እንዲያወጣ ምልክት አደረግኩ፣ ከዛ የመንገድ ዓይነት 5፣ የስራ ቀን፣ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 7 እስከ 8 ያለውን ብቻ ነጥዬ ርቀቱን ለሰዓቱ አካፈልኩት። ሰው ሁሉ ስራ በሚገባበት ሰዓት የከተማ መንገድ ላይ የሌሊት ፍጥነት ነው የወጣልኝ። በዛች ደቂቃ ገባኝ። መፍትሄውም አንድ መስመር ነው፣ እያንዳንዱን ሊንክ ማይሉን ለፍጥነቱ አካፍሎ ሰዓት ማድረግና ሰዓቱን በየቢኑ መደመር። ከዛ በኋላ ነው ሐሙስ ማታ በየሰዓቱ፣ በየመንገዱ ዓይነት ከትራፊክ ሞዴሉ ጋር የገጠመልኝ። አሁን ማንኛውንም ረን ስጨርስ ልቀቱን ከማየቴ በፊት ይሄን ማካፈል ነው የምሰራው፣ እናንተም አድርጉት።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ይሄን ሠንጠረዥ በኤክሴል አትስሩት። 13 የመኪና ዓይነት፣ 4 የመንገድ ዓይነት፣ 24 ሰዓት፣ 2 የቀን ዓይነት፣ 16 ቢን፣ ወደ 40 ሺህ መስመር ነው፣ እዛ ውስጥ እንደኔ ዓይነት ስህተት በዓይን አይታይም። ስክሪፕት ጻፉ፣ ፓይተንም ይሁን ኤስኪውኤል፣ ቀመሩ አንድ ቦታ ብቻ ይኑር፣ ሌላ ሰው አንብቦ ይህ ለምን ለፍጥነት አልተካፈለም ብሎ እንዲጠይቃችሁ። ከትራፊክ ሞዴል የሚመጣ ፍጥነትንም እንዳለ አትውሰዱ፣ በተለይ የጠዋቱን ሦስት ሰዓታት በሙሉ በአንድ አማካይ የሚሰጥ ሞዴል ከሆነ መጨናነቁን ደብቆባችኋል፣ በየአንዳንዱ ሰዓት ከፋፍላችሁ ፍጥነቱን እንደገና አስሉት።

ቅዳሜና እሁድ ግን እኔም አልተወጣሁትም። የትራፊክ ሞዴላችን የስራ ቀን ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ለጊዜው የኢፒኤን ዲፎልት (ከሞዴሉ ጋር የሚመጣውን ቁጥር) አስገብቻለሁ፣ ተከተሉኝ የምለው ነገር አይደለም። አሁን የያዝኩት የዕድሜ ሠንጠረዡን ነው፣ ሙቭስ 5 እስከ 40 ዓመት መኪና ይፈልጋል፣ የድሮው ፋይላችን 30 ላይ ያቆማል፣ 30 እና ከዛ በላይ ብለን የሰበሰብነውን ከ30 እስከ 40 ባሉት ዓመታት ላይ መበተን አለብኝ። ለ62 ዲፎልቱን ወስጃለሁ፣ እነዛ ተሳቢዎች የተመዘገቡት ሌላ ቦታ ስለሆነ የኛ መዝገብ አያውቃቸውም። ለ21 እና ለ31 (ለቤት ፒክአፕና መሰሎቹ) ግን ከመዝገቡ ጥሬውን ዳታ ጠይቄያለሁ፣ ሰኞ ይሰጡኛል ብያለሁ። የሰራችሁት ካላችሁ እንዴት እንደከፋፈላችሁት ጻፉልኝ፣ ስክሪፕቴን የሚፈልግ ካለም እልክለታለሁ።