ሀ ስንት ነው ከማለት በፊት ሀ ምንድን ነው?

ወርድ ፕሮብሌም (በቃላት ተጽፎ የሚቀርብ የሒሳብ ጥያቄ) የሚከብደው ስሌቱ ከብዶ አይደለም። እኩልታውን አዘጋጅተው ቢሰጡት የሚፈታው ተማሪ ብዙ ነው፤ የሚደናቀፈው ከአማርኛው ወደ እኩልታው ሲሻገር ነው።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ያለች አንዲት ነጋዴ የአሳ ጥብስ በ250፣ የአሳ ሾርባ በ80 ብር ትሸጣለች እንበል። (ዋጋው ለስሌት እንዲመች የተመረጠ ነው፤ እዚያ ሄዳችሁ እንዳትከራከሩበት።) ማታ ስትቆጥር 40 ሰሃን ወጥቷል፣ 7,110 ብር ገብቷል። ጥብሱ ስንት ሰሃን ነበር?

መጀመሪያ በቃል ጻፉት፦ «ሀ = የተሸጠው ጥብስ ብዛት፣ በሰሃን»። «ሀ = ጥብስ» ብሎ መተው ጣጣ አለው፤ ሁለት መስመር ሳይሄዱ ሀ ብዛቱ ይሁን ዋጋው ይምታታል። ሾርባው የራሱ ፊደል አያስፈልገውም፤ ከ40 ላይ ጥብሱ ሲነሳ የሚቀረው እሱ ስለሆነ 40 − ሀ ነው። ከዚያ ብሩን መደመር፦

250ሀ + 80(40 − ሀ) = 7,110
250ሀ + 3,200 − 80ሀ = 7,110
170ሀ = 3,910
ሀ = 23

23 ጥብስ 5,750፣ 17 ሾርባ 1,360፤ ድምሩ 7,110። ልክ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፦ 80ን በ40 ብቻ ያባዛና ሀን ይዘለዋል። ያኔ 249ሀ = 3,910 ይሆንና ሀ ወደ 15.7 ይመጣል። 15.7 ሰሃን ጥብስ የሸጠ ሰው ስለሌለ፣ እዚያው ቆም ብሎ ቅንፉን መልሶ ማየት ነው።

አማርኛችንም የራሱ ወጥመድ አለው። «የእህት ብር ከወንድም ብር በ12 ይበልጣል» ሲባል «ይበልጣል»ን ያየ ተማሪ 12ን እህት ላይ ይደምራል፦ እ + 12 = ወ። ተገላቢጦሽ ነው። የሚደመርለት ያነሰው ነው፦ እ = ወ + 12። «በሁለት እጥፍ ይበልጣል» የሚለውማ ይባስ፤ አንዱ 2ወ ሲለው ሌላው 3ወ ይለዋል። ጥያቄ የምታወጡ መምህራን «ሁለት እጥፍ ነው» በሉና ገላግሉን።

ቫትም ላይ ያው ነው። 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት 920 ብር የከፈላችሁት ዕቃ ያለ ቫት ስንት ነው? ከ920 ላይ 15 በመቶውን፣ 138 ብር፣ ቀንሶ 782 ማለት ይቀናል። ግን ቫቱ የታሰበው ከ920 ላይ ሳይሆን ገና ከማናውቀው ዋጋ ላይ ነው፦ ሀ + 0.15ሀ = 920፣ ማለትም 1.15ሀ = 920፤ ሀ 800 ነው። 782 ላይ 15 በመቶ ብትጨምሩ 899.30 እንጂ 920 አይሞላም።

የጉዞ ጥያቄ ላይ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ከአዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ መኪና ሐዋሳ 5 ሰዓት ቢገባ፣ 5 − 12 ብሎ −7 ማምጣት የተለመደ ነው። ከ12 ቀጥሎ 1 ስለሚመጣ 12ን እንደ 0 ቁጠሩት። መንገዱን 275 ኪሎ ሜትር ብንል በሰዓት 55 ይሆናል። 5:30 ከገባ ግን አካፋዩ 5.5 ነው እንጂ 5.3 አይደለም፤ ፍጥነቱም 50 ይሆናል።