ሁለት ሰከንድ ሠርቶ የሚጠፋ ሞተርና የእኔ ሦስት ቅዳሜዎች

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ግማሹ ንዴት በራሴ ነው፣ ግማሹን ደግሞ ለማን እንደማካፍል ስታነቡ ይገባችኋል።

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። መኪናው ውስጥ ሳልገባ ሞተሩን በሪሞት ማስነሳት ፈለግኩ። ሪሞት ስታርት የሚባለውን ዕቃ ገዛሁ፣ አምስት ስድስት ቪዲዮ አየሁ፣ «ይቺማ ምን አላት» አልኩ። ኢሞቢላይዘር የሚባል የሌባ መከላከያ አላት!

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። የቁልፋችሁ ጭንቅላት ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች። ባትሪ የላትም። ቁልፉን ስትሰኩት መሰኪያው ዙሪያ የተጠቀለለው ሽቦ ሞገድ ይለቃል፣ በብዙ መኪኖች 125 ኪሎኸርዝ ነው፣ ቺፗም ከዚያው ሞገድ ጉልበት አግኝታ መለያዋን ትመልሳለች። መኪናው ካወቃት እሰየው። ካላወቃት፣ እንደ መኪናው ዓይነት፣ ሞተሩ ወይ ጭራሽ አይነሳም ወይ ተነስቶ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ድርግም ይላል። በሪሞት ስታስነሱ ደግሞ የተሰካ ቁልፍ የለም። ስለዚህ «ቁልፉ እዚህ አለ» ብሎ የሚመሰክርላችሁ ባይፓስ ሞጁል ያስፈልጋል።

የድሮው ዓይነት ትርፍ ቁልፋችሁን ሳጥን ውስጥ ከትታችሁ ዳሽቦርድ ስር የምትደብቁት ነው። ይሠራል፣ ግን ቁልፌን መኪናው ውስጥ ትቼ መተኛት አልሆነልኝም። እኔ የወሰድኩት በዳታ የሚሠራውን ነው። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ታገናኙታላችሁ፣ ለመኪናችሁ ሞዴልና ዓመት የሚሆነውን ሶፍትዌር ትጭናላችሁ፣ ከመኪናው ሽቦ ጋር ታያይዙትና ቁልፋችሁን ታስተዋውቁታላችሁ።

ሶፍትዌሩን መጫን አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። የመሪውን የታች ሽፋን መፍታት ካቻቪቴና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ዋናው 12 ቮልትና ግራውንድ፣ ማለትም ኔጌቲቩ፣ አላስቸገሩኝም። የካን ሽቦዎቹን (የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩባቸውን፣ ሃይና ሎው የሚባሉትን ጥንድ ሽቦዎች) ግን አገላብጬ አገናኘኋቸው፣ ቁልፉን ሳዞር ዳሽቦርዱ ላይ ያለ የማስጠንቀቂያ መብራት በሙሉ በራ፣ ልቤ ቀጥ አለች። ሳስተካክለው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህን ነው፦ ባትሪውን ነቅዬ ኦቢዲ ሶኬቱ (የመኪናው መመርመሪያ ማሽን የሚሰካበት) ላይ በ6 እና በ14 ቁጥር መካከል በቴስተር እለካለሁ። 60 ኦም አካባቢ ካነበበ ትክክለኛዎቹ ጥንድ ሽቦዎች ናቸው፣ ምክንያቱም መስመሩ ጫፍና ጫፍ ላይ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ ዕቃ) አለው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለተገናኙ አብረው ሲለኩ ግማሹን ያሳያሉ። ባትሪው ተመልሶ ቁልፉ ሲበራ ከ2.5 ቮልት ትንሽ ከፍ የሚለው ሃይ ነው፣ ዝቅ የሚለው ሎው።

ቁልፍ ማስተዋወቁ ደግሞ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጎ አረንጓዴ መብራት መጠበቅ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቀይ ብቻ ሲበራብኝ ቆየ። ለካ የቁልፍ መያዣዬ ላይ የሌላ መኪና ባለ ቺፕ ቁልፍ አብሮ ተንጠልጥሏል፣ ሁለቱ ቺፖች እየተረባበሹ ነው። ነጠላውን ቁልፍ ብቻ ይዛችሁ ግቡ።

አረንጓዴው በራ። ደስ አለኝ። ወረድኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ሪሞቱን ተጫንኩ። ሞተሪኖው ዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ። አንድ፣ ሁለት። ጠፋ።

እንደገና። አንድ፣ ሁለት። ጠፋ።

ያን ቅዳሜ ሶፍትዌሩን አራት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት። በማግስቱ ሻጩ ጋ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዱ አነሳና የመኪናውን ዓመት እንኳ ሳይጠይቀኝ «ጌታዬ፣ ይሄ በሠለጠነ ባለሙያ ነው የሚገጠመው» አለኝ። ሣጥኑ ላይ እንዲያ የሚል ነገር የለም። በሁለተኛው ቅዳሜ ባለሙያ የተባለው ጋ ወሰድኩት። ሽፋኑን ሳይፈታ፣ ቆሞ አይቶ፣ «የመኪናው ኮምፒውተር ተበላሽቷል፣ ይቀየር» አለ። በቁልፍ ስናስነሳው እኮ እንደ ሰዓት ይሠራል! ይህን ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። እኔም ሞኙ ሦስት ቀን ሙሉ የኮምፒውተር ዋጋ ሳፈላልግ ከረምኩ።

ማንም ያልነገረኝ የሠላሳ ሰከንድ ፍተሻ ይኸውላችሁ። በሪሞት ከማስነሳታችሁ በፊት ዋናውን ቁልፍ መሰኪያው ውስጥ ክተቱት፣ አታዙሩት። አሁን በሪሞት አስነሱ። ሞተሩ ሳይጠፋ ከቀጠለ ሪሞት ስታርቱ ጤነኛ ነው፣ ያልመሰከረው ባይፓሱ ነው። የእኔ በሦስተኛው ቅዳሜ ቁልፉ ተሰክቶ ሲነሳ ቀጠለ። የመኪናው ኮምፒውተር ይቀየር ያለው ሰውዬ ትዝ ሲለኝ ጥርሴን ነከስኩ።

ቀጥሎ ጭንቅላቴን ከፍሬን ፔዳሉ ጎን ሰክቼ በጀርባዬ ተኛሁና ሞጁሏን እያየሁ በሪሞት አስነሳሁ። መብራቷ ምንም አላለም። ጭልጭል እንኳ አላለችም። ተበላሽታ አይደለም፣ የነገራት የለም። ሪሞት ስታርቱ ሞተር ሲያስነሳ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ግራውንድ ይልካል፣ የእኔዋ ሰማያዊ ሆና ነጭ መስመር አላት። ሞጁሏ ያን ካላገኘች «አሁን መስክሪ» መባሏን አታውቅም።

ሽቦዋ የት ነበረች? በናስትሮ ተጠቅልላ፣ ጫፏ ታጥፎ፣ ከሌሎቹ ጋር ታስራ። ማን አሸጋት? እኔ። መመሪያው «በዳታ ኬብል ካገናኛችሁ ይህ ሽቦ አያስፈልግም» ይላል። ልክ ነው፣ ሁለቱ ዕቃዎች፣ ሪሞት ስታርቱና ሞጁሏ፣ በአንድ ዓይነት ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ቋንቋ) የሚነጋገሩ ከሆነ። የእኔ ሪሞት ስታርት የዳታ ወደቡ በሌላ ፕሮቶኮል ተሞልቶ ነው የመጣው። ይህ የተጻፈው ከ30 ገጽ በኋላ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው።

ናስትሮውን ስፈታ ሙጫው ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ቴስተሩን ቀዩን 12 ቮልት ላይ፣ ጥቁሩን ሽቦዋ ላይ አድርጌ በሪሞት ሳስነሳ 12 ቮልት ነገረኝ፣ ማለትም ግራውንዱ እየመጣ ነበር። ከሞጁሏ ጋር በየድኳት። አስነሳሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሃያ ስደርስ መቁጠር ተውኩ።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ እኔ ያቺን ሽቦ አገናኛለሁ። በእኔ ዕቃ ዳታ ኬብሉም ሽቦዋም አብረው ተገናኝተው ምንም አልሆኑም። ከዕቃው ጋር የሚመጡትን ሽቦ ነካሽ ክሊፖችም ጣሏቸው፣ ልጣችሁ በይዳችሁ አሽጉ። ዳታ ሽቦ ላይ የአምፖል መሞከሪያ አታስነኩ፣ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ቴስተር ብቻ። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ነው፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ብዙ ሰው ሰንፎ የሚተወውን የኮፈን ማብሪያ ማጥፊያም ግጠሙ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ አንድ ሰው እጁን ሞተሩ ውስጥ ሲከት ሪሞቱ ኪሳችሁ ውስጥ ሊጫን ይችላል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አታስነሱ፣ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ መኪናዬ ሰው ሳይኖርበት ሲነሳ አይቶ «ለእኔም ሥራልኝ» አለኝ። ሄጄ መኪናውን አየሁት። ባለ እጅ ማርሽ ነው፣ እሱ ደግሞ ማርሽ አስገብቶ የማቆም ልማድ አለው። በሪሞት ሲነሳ ግድግዳ ነው የሚገጨው። እምቢ አልኩት። እስካሁን አኩርፎኛል።