ባቲ፣ ከቀጥቃጮቹ ተርታ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ሰኞ ስለነበር መኪናው ጢም ብሏል። የባቲ ሰኞ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን አንድ ላይ የሚያገናኝ ትልቅ ገበያ ነው። ስለ ግመሉና ስለ ከብቱ ብዙ ተብሏልና ልለፈው። እኔን ያቆሙኝ ብረት ቀጥቃጮቹ ናቸው።

አንድ አዛውንት የአሮጌ መኪና ባሌስትራ እሳት ውስጥ ከተዋል። አጠገባቸው አንድ ልጅ ወናፍ ይነፋል። ብረቱ ሲግል በጉጠት አወጡትና መስፉ ላይ አድርገው በመዶሻ ይቀጠቅጡት ጀመር። ሲቀዘቅዝ ይመልሱታል፣ ሲግል ያወጡታል። ቀስ በቀስ የማረሻ ቅርጽ ያዘ። መጨረሻ ላይ መልኩን ትክ ብለው አይተው ጫፉን ውሃ አጠጡት።

«ጋሼ፣ ልኩን በምን ያውቁታል?» አልኳቸው።

«በመልኩ ነዋ ልጄ። ከመጠን በላይ ከጠነከረ ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል። ከላላ ደግሞ ይጎብጣል።»

እዚያ የሙቀት መለኪያ የለም። ልኩ ያለው እሳቸው ዓይን ውስጥ ነው። ይሄ ዕውቀት ደግሞ በአንድ ክረምት አይለመድም።

አብዛኛው ሕዝባችን አራሽ ነው፤ የሚያርሰውም በበሬ ነው። ሰኔ ላይ ማረሻ ቢሰበር ዝናቡ ገበሬውን አይጠብቅም። ያን ቀን የሚደርስለት ቀጥቃጭ ነው። ቁራጭ ብረት ሆኖ የቀረው ባሌስትራ ማረሻ ሆኖ ሲወጣ አዲስ ዶላር አልወጣበትም። ገንዘቡም እዚያው ባቲ ይዞራል። በየስብሰባው «እሴት መጨመር» የምንለው እኮ ይኸው ነው!

ለዚህ ባለሙያ የሰጠነው ስም ግን ያሳዝናል። «ቡዳ» ብለን አርቀነዋል፣ ጋብቻ ነፍገነዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከዚያ በፊት አፄ ቴዎድሮስ ባለሙያ ከውጭ እስከ መለመን ደርሰዋል። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ አለ። ያን ያህል የተደከመለት ሙያ ዛሬም በየገበያው ጥግ ተጥሎ ሳየው ያንገበግበኛል።

«ልጆችዎስ ሙያውን ያዙት?»

«ትልቁ ባጃጅ ይነዳል። ይሄ የጎረቤት ልጅ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ይመጣል።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ወናፉን ቀጠለ። ጎበዝ ነው፤ እሳቱ ሲደክም ሳይነገረው ያውቃል። ነገ ይህን ልጅ ማን ይይዘዋል? እንደኔ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን እኚህን አዛውንት ዲግሪ ሳይጠይቁ፣ እጃቸውን በሲኦሲ፣ ማለትም በሙያ ብቃት ምዘና መዝነው አሰልጣኝ አድርገው ሊቀጥሯቸው ይገባል። ደሞዙም እንደማንኛውም መምህር ደሞዝ ይሁን። ልጁም እሳቸው ጋ የሠራበት ጊዜ እንደ ሥልጠና ተቆጥሮለት ወረቀት ያግኝ።