ጳጉሜን የማያውቅ ኮምፒውተር

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰኔ 7። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ብርዱ አይጣል ነው። ብርድ ልብሴን ተጠቅልዬ ተኝቻለሁ፣ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው።

«ተነሥተሃል?»

«አዎ ጋሼ» አልኩ፣ ከትራስ ሥር።

«የእድሩን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ እናስገባው። ነገ ስብሰባ አለ። የሃያ ደቂቃ ሥራ ናት አይደል?»

እዚህ ላይ መዋሸት አልነበረብኝም። ግን ዘመድ መሀል አንዴ «ኮምፒውተር ይችላል» ከተባልክ አለቀልህ። ፕሪንተር እምቢ ሲል አንተ፣ ቲቪው ቻናል ሲጠፋበት አንተ፣ እኔ እንኳን የኤሌክትሪክ ምጣድ አልግል ብሎ ተጠርቼ አውቃለሁ። «ሃያ ደቂቃ ትበዛለች» አልኩና ተነሣሁ።

ከማራኪ ባጃጅ ይዤ ጎንደር ፒያሳ ደረስኩ፣ ከዚያ ወደ አጎቴ ቤት በጭቃው እየተንሸራተትኩ ሄድኩ። አጎቴ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ደብተሩ በካኪ የተለበደ ነው፣ ጠርዙ ወጥ ጠግቧል። የከፈለ በሰማያዊ፣ የቀረበት በቀይ። በወር 50 ብር። እውነቱን ለመናገር ደብተሩ ምንም አልጎደለውም። ጎረቤት ያለው እድር ግን ኮምፒውተር ጀመረ ተብሎ ተወርቷል፣ ነገሩ እልህ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲከፈት ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት ገልመጥ አደረግኩ። 4 ሰዓት ይላል። የእጄም 4 ሰዓት ነው። ደህና አልኩ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ፍላሽ ላይ ሊብሬኦፊስ የሚባል የቢሮ ሥራ ፕሮግራም ነበረኝ። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። ፕሮግራም 32 ቢትና 64 ቢት ተብሎ በሁለት ዓይነት ይመጣል፣ የያዝኩት 32 ቢቱን ነው፣ አሮጌም ይሁን አዲስ ዊንዶውስ ላይ ይገባል ብዬ። እንደነገሩ ከሆነ ካልክ የሚባለውን ሠንጠረዥ ከፍቼ ስምና ብር ብደረድር በእርግጥም በሃያ ደቂቃ ጨርሼ ቁርሴን እበላ ነበር። እኔ ግን መራቀቅ አማረኝ። ቤዝ የሚባለውን የመረጃ ቋት መሥሪያ ከፈትኩ። የአባላት ቅጽ፣ የክፍያ ቅጽ፣ ውዝፍ ራሱ የሚያሰላ ዝርዝር። አጎቴ ከኋላዬ ቆመው «ይኼ ነው ትምህርት!» ሲሉ ደረቴ ተነፋ።

ወዲያው መልእክት መጣ። ይህን ለመሥራት የጃቫ ማስኬጃ ያስፈልጋል፣ ጭነህ እንደገና ክፈተኝ ይላል።

«ምን አለ?» አሉ አጎቴ።

«ሊጡ አለ፣ ምጣዱ የለም አለ።»

ነገሩ እንደዚያው ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም፣ ከሥሩ ሌላ የሚያስኬደው ነገር ይፈልጋል። የሊብሬኦፊስ ጽሑፉም ሠንጠረዡም ያለ ጃቫ ይሠራሉ፣ ቤዝ ግን ያለሱ አይጋገርለትም። ለነገሩ ዝምድናቸው የቆየ ነው። ሊብሬኦፊስ የወጣበት ኦፕንኦፊስም ጃቫም ሰን ማይክሮሲስተምስ የሚባል ኩባንያ ቤት ያደጉ ናቸው። በፈረንጅ 2010 ሰንን ኦራክል የሚባል ሌላ ኩባንያ ገዛው፣ በዚያው ዓመት ሊብሬኦፊስ ጎጆ ወጣ። ጎጆ ይውጣ እንጂ ምጣዱን እስከ ዛሬ ከዘመድ ቤት ነው የሚዋሰው።

ችግር የለም፣ አወርደዋለሁ አልኩ። ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ ብሮውዘር ከፈትኩ። ቀይ ምልክት። ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል። ሌላ ገጽ ሞከርኩ፣ ያው። ሌላ ብሮውዘር፣ ያው። ከሥሩ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረች፣ ማን ያነባል? ኔትወርኩን ረገምኩ። ሲም ካርዴን አውጥቼ በሸሚዜ ጠርጌ መለስኩ። ስልኬን ይዤ ግቢ ወጣሁ፣ የተሻለ ይስባል ብዬ እንጨት ክምሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ካፊያ ሲጀምር ሮጬ አነሣሁት። እትዬ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ከማድ ቤት በር ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው «ይኼ ልጅ ቁርስ በልቷል?» ብለው ጠየቁ።

በመጨረሻ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ጃቫን በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ዊንዶውሱ 64 ቢት ስለሆነ 64 ቢቱን አወረድኩ። የሚጫነው ፋይል ላይ የሚጨስ ሲኒ ተሥሏል። እትዬ ረከቦቱን እያቀረቡ ነበር፣ አዩት።

«ይኼ ሲኒ ምንድነው?»

«ጃቫ ነው እትዬ። ጃቫ ማለት ቡና ማለት ነው።»

«የት አገር?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ኦክ ይባል እንደነበር፣ ከሠሪው ቢሮ ደጅ በነበረ ዛፍ ስም። ያ ስም በሌላ ስለተያዘ ጃቫ ተባለ፣ ቡና በሚበቅልባት የኢንዶኔዥያ ደሴት። እትዬ ሙቀጫውን ወቀጥ ወቀጥ አድርገው ቆም አሉ።

«ቡናውን ከኛ ወስደው ስሙን ለደሴት ሰጡት?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። መጫኛው 3 ቢሊዮን መሣሪያዎች ጃቫ እንደሚጠቀሙ እየነገረኝ ነበር። ጨረሰ። ሊብሬኦፊስን ከፈትኩ፣ ቤዝ ገባሁ። ጃቫ የለም አለ።

ኦፕሽንስ ገባሁ፣ አድቫንስድ የሚለውን ነካሁ። የተጫኑት ጃቫዎች የሚዘረዘሩበት ሳጥን ባዶ ነው። ራሴ ላሳየው ብዬ ፎልደሩን መረጥኩለት። የመረጥከው ፎልደር ውስጥ ጃቫ የለም አለኝ። ፎልደሩን በሌላ መስኮት ከፍቼ ከጎኑ አቆምኩት፣ ጃቫ የሚል ጽሑፍ በግልጽ እየታየ። ኮምፒውተር ላይ ጣትህን ቀስረህ «ይኸው!» ብለህ ጮኸህ ታውቃለህ? እኔ ጮኬያለሁ። አጎቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ቀስ በል፣ ይሰማል» አሉኝ።

አቦሉን ጠጥቼ ነው የገባኝ። ሊብሬኦፊሱ 32 ቢት፣ ጃቫው 64 ቢት። እነዚህ ሁለቱ አይተያዩም፣ ዊንዶውስ ራሱ በተለያየ ፎልደር ነው የሚያስቀምጣቸው። ትልቅ ምጣድ ገዝቼ ምድጃው ላይ አልቀመጥ አለኝ ማለት ነው። 32 ቢቱ ጃቫ ያስፈልጋል። ውጭ ደግሞ ዝናቡ ወርዶ ወርዶ ጎርፍ ሆኗል፣ ፒያሳ አልመለስም። ብሮውዘሩን እንደገና ከፈትኩ፣ ቀዩ ምልክት መጣ፣ አሁን ተስፋ ስለቆረጥኩ ያቺን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኳት።

ሰዓትህ ወደኋላ ቀርቷል ትላለች።

ጥጉ ላይ ያለውን ቀን ተጭኜ አየሁ። 10/7/2017።

«ጋሼ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ይኼን ቀን ማን ነው የሞላው?»

«እኔ ነኛ። አሥረኛው ወር ሰኔ፣ ቀኑ 7፣ ዓመቱ 2017። ምን ጎደለው?»

«ይኼ ኮምፒውተር እኮ የሚያውቀው የፈረንጅ ነው። እሱ ጥቅምት 2017 ላይ ነኝ ብሎ ነው ያለው። በነሱ ዛሬ ሰኔ 2025 ነው።»

«ቅዳሜ አይልም?»

አየሁ። ቅዳሜ ይላል። የፈረንጆቹ ጥቅምት 7፣ 2017 በእርግጥም ቅዳሜ ነበር፣ የኛም ሰኔ 7 ቅዳሜ ሆነ። አጎቴ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ፣ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀላቸው። ሰዓቱንም በኛ ነው የሞሉት፣ እኔ ጠዋት 4 ሰዓት አይቼ ደህና ያልኩት ለዚህ ነው። የኛ ጠዋት 4 ሰዓት ለኮምፒውተሩ ሌሊት ነው። ድረ ገጾቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ማንነታቸውን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት አላቸው፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል። 2017 ላይ ለቆመ ኮምፒውተር የዛሬው ወረቀት ገና ስምንት ዓመት ሊደርስ የሚቀረው ነው፣ በር ላይ ይመልሰዋል።

«ወደኋላ ቀርተሃል ይላል ጋሼ።»

«ማን? እኔ? ፋሲል ግንቡን የሠራበትን ዘመን ቱሪስቱ 1636 ይላል፣ እኛ 1628 እንላለን። ግንቡ ወደኋላ ቀረ?»

እትዬ ቶናውን እየቀዱ ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፣ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር የካቲት ነው፣ 28 ቀን አለው። የኛ ጥቅምት ሁለተኛው ወር ነው፣ 30 ቀን አለው። ምን ያደርጋሉ?

«29 እና 30 ላይ ያስቸግራል» አሉ በቁም ነገር። «እነዚያን ሁለት ቀን ዝም እለዋለሁ።»

«ጳጉሜስ?»

«ጳጉሜን አጠፋዋለሁ። እድሩም በጳጉሜ አይሰበሰብ።»

እኔ ኮምፒውተር ስማር አንድም ሰው ይህን አልነገረኝም። ጉዳዩ ግን አልበቃኝም፣ ዊንዶውስ ቀኑን ራሱ ከኢንተርኔት ያስተካክላል፣ እንዴት ነው ያልመለሰው?

«መጀመሪያማ ይመልሰው ነበር» አሉ አጎቴ። «በኋላ አጠፉልኝ።»

«ማን ነው ያጠፋልዎት? ይኼን የሚያደርግ ሰው እኮ...»

«አንተ ነሃ! አምና፣ የጥምቀት ማግስት። ጠላው ከቀመስክ በኋላ።»

ዝም አልኩ። እትዬ «ፈንድሻ ውሰድ» አሉኝ።

በስንት ልመና ተስማማን። ጃቫው እስኪወርድ ብቻ ቀኑ ፈረንጅ ይሁን፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ። ራሱ እንዲያስተካክል አደረግኩት፣ ቀኑ ብድግ ብሎ 2025 ገባ፣ ቀዩ ምልክት ጠፋ። 32 ቢቱን አወረድኩ፣ ጫንኩ፣ ሊብሬኦፊስን ዘግቼ ከፈትኩ። ያ ባዶ ሳጥን ውስጥ አንድ መስመር ገብቷል። እንዲህ ያለ ደስታ ሎተሪም አይሰጥም። ቤዝ ተከፈተ። ቅጾቹን ሠራሁ፣ የመጨረሻ ክፍያቸውን ቀን ከዛሬ ቀን ቀንሶ ውዝፉን በወርና በብር የሚያወጣ ዝርዝር ሠራሁ፣ አጎቴን እንዴት እንደሚሞሉ አሳየኋቸው። የመጀመሪያዋን አባል በጣታቸው እየጫኑ ሞሉ፣ አንድ ፊደል፣ ከዚያ ፍለጋ፣ ሌላ ፊደል። ሴቭ አድርጌ ቀና ስል መብራት ሄደ።

በረካውን በጨለማ ጠጣን። ዝናቡ ሲያባራ ተሰናብቼ ወጣሁ። «ሲመጣ የቀሩትን እኔ እሞላቸዋለሁ» አሉ አጎቴ ደጅ ድረስ ሸኝተውኝ። ኩራት ተሰምቶኝ ነበር እንኳን። በመንገድ ላይ አንድ የረሳሁት ነገር ያለ ያለ መስሎኛል፣ ጃንጥላ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ እሑድ ከረፋዱ 5 ሰዓት ስልኬ ጠራ። ከኋላቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያወራ።

«አንተ፣ ይኼ ነገር ምን አድርጓል?»

«ምን አደረገ ጋሼ?»

«ሌሊቱን ስሞላ አድሬ ጠዋት ፕሪንት አድርጌ ሳላየው በተንኩት። ዳኛው የ92 ወር ውዝፍ አለባቸው ይላል። 4,600 ብር! ትናንት የከፈሉ ሰውዬ! ሁሉም ላይ እንዲሁ ነው። ሰው ደረሰኝ ፍለጋ ወደየቤቱ እየሮጠ ነው።»

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀኑን አልመለስኩትም። አጎቴ ክፍያውን ከደብተሩ ላይ በኛ 2017 ሞልተዋል፣ ኮምፒውተሩ ከ2025 ላይ ቆሞ ቀንሷል።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ይሰብስቡ፣ እየመጣሁ ነው።»

«ቶሎ ና፣ ባጃጁን እኔ እከፍላለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ከሰው ራቅ ያሉ መሰለኝ። «እኔ ላይ ደግሞ 93 ወር ይላል።»

«ያው ስህተት ነው ጋሼ።»

«92ቱ ስህተት ነው። አንዷ ግን እውነት ናት፣ የሰኔን አልከፈልኩም። እሷን እንዴት አወቀ?»