ለአንድ ጥንዚዛ ወገል ጤና ድረስ

ከደሴ በኩታበር በኩል ወደ ወገል ጤና የወጣሁት ወሬ ሰምቼ ነው። አንድ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የሚነግድ ልጅ ውስጡ ጥንዚዛ ያለበት ድንጋይ አለው አሉ። ያውም ቀንዱ ከሰውነቱ የሚረዝም። ይህን ሰምቶ ማን ቁጭ ይላል?

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ጠመዝማዛ ነው፤ ወገል ጤና ያለችበት ደላንታ ሲደርሱ ደግሞ ብርዱ አለ።

እነ ልጁ ቤት ስደርስ እናቱ ቡና አቅርበዋል። ልጁ ድንጋዩን ከጨርቅ ፈትቶ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተው። «ጋሼ፣ አብሽሩ! ትንሽ ይጠብቁት» አለኝ። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ የቀለሙ ጨዋታ ይጠፋና ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል።

ጠራ። መሃሉ ላይ ሁለት ረጃጅም ክሮች የወጡለት ጥቁር ነገር አለ። ከራቅ ብለው ካዩት እውነትም ጥንዚዛ ነው። አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ።

ባለረጅም ቀንድ ጥንዚዛ በዓለም ላይ ከ30,000 በላይ ዝርያ አለው፤ ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ ቀንዱ አጭር የሆነም ሞልቷል። ስለዚህ ርዝመቱ ብቻ አያሳምነኝም። መጀመሪያ የማየው ዐይኑን ነው። የአብዛኞቹ ዐይን እንደ ኩላሊት ጎድጎድ ብሎ የቀንዱን ሥር ይከባል። ቀንዱ ራሱ ብዙ ጊዜ 11 አንጓ አለው። እግሩ ጫፍ ላይ ደግሞ 4 አንጓ ያለ ይመስላል፤ ሲቆጠር 5 ነው፣ አንዷ ትንሽ ስለሆነች ተሸሽጋለች።

ቅሪተ አካል ላይ ግን ቀድመው የሚረግፉት ቀንድና እግር ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ጠንካራው የላይኛው ክንፍ ነው። በክንፍ ብቻ ከቅጠል በል ዘመዶቹ መለየት ደግሞ ባለሙያንም ያከራክራል። ቻይና ውስጥ የተገኘውና ዕድሜው 120 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ክሬቶፕሪዮነስ የተባለው ባለረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ቅሪተ አካል ብርቅ የሆነውም ለዚህ ነው።

የልጁ ድንጋይ ውስጥ ዐይን የለም። ክሮቹም አንጓ የላቸውም። አንደኛው እንዲያውም ጫፉ ላይ በቀጫጭኑ ተበትኗል። የተክል ሥር ነው! የደላንታ ኦፓል ውስጥ የተክል ቅሪት መገኘቱ የታወቀ ነው፤ ኦፓሉ የሚወጣበት የእሳተ ገሞራ ዓለትም 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አለው።

ይህንኑ ነገርኩት።

«እኔስ ምን አልኩህ!» አሉት እናቱ እየሳቁ።

ልጁ ምንም አልመሰለው። ድንጋዩን አውጥቶ በጨርቅ እያደረቀ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ የ30 ሚሊዮን ዓመት ሥር ስንት ያወጣል?» አለኝ።